ሰባተኛው ጣሳ

ለአባዬ፣ ካለህበት ይድረስህ።

ከተለየኸን አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንደ ደብዳቤ ወግ ስለ ጤናህ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሞተ ሰው ጤናው ስለማይጠየቅ አልፌዋለሁ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁ፤ ተቆጥቶ አንቱ ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ቅር ካለህ ይበልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ ቁጣው የትም አይሄድም። እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ብርዱ ሲጠና ባናዋን ተከናንባ ከምድጃው አትርቅም። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፤ እሷ ግን ኮርታበታለች። ቀለም ይደረደርበት የነበረው ሳንቃህ ዶሮ ይሰፍርበታል። ጣሳዎችህም ሥራ አግኝተዋል፤ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ በርበሬ፣ በአንዱ የተልባ ዘር አለ። ሳየው ደሜ ፈላ። እናቴ ግን ባዶ ጣሳ አቅፌ ልተኛ ወይ አለችኝ፤ እሷም እውነቷን ነው።

የተቆጣሁት ስለ ግድግዳው ነው።

የማርያምን ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ያንተ እጅ እንደሳለው የቀየት ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል። በሰሜን በኩል ያለውን፣ ወንዶቹ ቆመው የሚያስቀድሱበትን፣ ጨረስከው። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት እስከ ዛሬ ከትናንት ወዲያ የተቀቡ ይመስላሉ። በደቡብ በኩል ያለውን፣ እኛ ሴቶቹ የምንቆምበትን ግን መስመሩን አወጣህ፣ ቁጥሩን ጻፍክ፣ ከዚያ ታመምክ። የወንዶቹ ተጠናቀቀ፤ የእኛ ቀረ። ይህንንም በሆዴ ይዤብሃለሁ።

አሠራርህን ላንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ግን ቁጣዬ ከየት እንደመጣ እንድታየው ልድገመው። አንተ መስመሩን በጥቀርሻ ታወጣና በየቦታው የግዕዝ ቁጥር ትጽፋለህ፤ ከፊት ላይ ፩፣ ከአክሊሉ ላይ ፪፣ ከመጎናጸፊያው ላይ ፬። ደቀ መዝሙርህ ገብሬ ቁጥሩን እያየ፣ በሳንቃው ላይ በዚያ ተራ ከተቀመጠው ጣሳ ቀለም እየነከረ ይሞላል። የቀለም ስም ግድግዳ ላይ አይጻፍም። ግድግዳ በተቀየረ ቁጥር የጣሳዎቹም ተራ ይቀየራል፤ በሰሜኑ አንደኛ የነበረው አረንጓዴ በደቡቡ አንደኛ አይሆንም። ይህን ያመጣኸው ሌላ ሰዓሊ ገብቶ ቁጥሩን ቢያነብ እንኳ ሙያህን ይዞ እንዳይሄድ ነው። ንፉግነትህን ጥበብ ትለው ነበር።

አዲስ ግድግዳ ሲጀመር ጣሳዎቹን አጥቤ፣ ቀለሙን ፈጭቼ፣ በእንቁላል አስኳል አሽቼ፣ ሳንቃው ላይ የምደረድራቸው እኔ ነበርኩ። ስጨርስ ጎንበስ ብለህ ታያቸዋለህ፤ ከዚያ ለእናቴ እንጨት አምጪላት ብለህ ታባርረኛለህ። እኔ ከወጣሁ በኋላ አንተ በምታውቀው ምሥጢር የምታዘዋውራቸው ይመስለኝ ነበር። የኔ አደራደር ለምን ይቆማል? ሴት ልጅ በዘፈቀደ የደረደረችው ነው።

ታመምክ፤ በስድስተኛው ቀን አረፍክ። ቤቱ ለለቅሶ ሲለቀቅ ጣሳዎቹ ከሳንቃው ወርደው ተደባለቁ። የደቡቡን ተራ ለማንም ሳትናገር ሄድክ ተባለ። እኔም ይህንኑ አምኜ አራት ዓመት ሙሉ ስራገምህ ኖርኩ።

ገብሬ ምን ያድርግ? የሚያውቀው የሰሜኑን ተራ ብቻ ነው። በእሱ ሞላው። የእመቤታችን ፊት አረንጓዴ ሆነ። የልጇም ፊት አረንጓዴ ሆነ። መጎናጸፊያዋ የቡና አተላ መሰለ፤ የመላእክቱ ክንፍ ቀይ፣ አክሊሉ ነጭ። ምን ነክቶህ ነው ብዬ ብይዘው፣ መምህሬ ቁጥሩን እመን እንጂ ዓይንህን አትመን ብለውኛል፤ ምሥጢር ይኖረዋል ብዬ ነው አለኝ። እያለቀሰ ነው የቀባው፤ ግን ቀባው። አንድ ደብተራማ አረንጓዴው የልምላሜ ምሳሌ ነው ብሎ አንድምታ አወጣለት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰውም ተቀብሎት ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሕፃን አይቶ ጮኸና አንድምታው አበቃ።

ከሁሉ የከፋው ከእግሯ ሥር ያለው ነው። ከጉልበት ከፍ የማይል ትንሽ ሰው ነድፈህ ልብሱ ላይ ፯ ጽፈሃል። በሰሜኑ ሰባተኛው ጣሳ ጥቀርሻ ነበር። አረንጓዴ ፊት፣ ጥቁር ልብስ፣ ያውም ከእመቤታችን እግር ሥር! ሰይጣን ነው ተባለ። ሴቶቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ያማትባሉ፤ አንዳንዷም እንትፍ ትልበታለች። ለሙት ዓመትህ መጥቼ እኔም አማትቤበታለሁ።

አምና ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ከአስተርእዮ ማርያም በዓል በፊት ግድግዳው በኖራ ይለቅለቅ ብሎ ወሰነ። ነውሩ ይሸፈን ነው ነገሩ። ኖራ ከተለቀለቀበት መስመርህም አብሮ ይጠፋል፤ ከእጅህ ሥራ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። እናቴ ይህን አስጽፋ በሰው እጅ ደብዳቤ ስትልክብኝ ያነበብኩት መሥሪያ ቤት ነው፤ ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት፤ ከዚያ አንሥቼ ዘረጋሁት።

አሁን የምሠራውን አታውቅም። በሕይወት ሳለህ እኔ አዲስ አበባ ታይፒስት ነበርኩ። ካረፍክ በኋላ ከታይፑ አንሥተው ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጡኝ። ቤዚክ የሚባል ቋንቋ አስተማሩኝ። ቋንቋ ስልህ እንደ ግዕዝ እንዳይመስልህ፤ አይቀደስበትም፣ ቅኔም አይወጣውም፤ ለአንድ ሣጥን ትእዛዝ መስጫ ነው። በእሱ የየአውራጃውን ምርት በቀለም የሚያሳይ ካርታ እሠራለሁ።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ግን ቀለም የለም። ያለው ቁጥር ነው። ሥዕሉ በሚታይበት የመስታወት መስኮቱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ የያዘችው ቁጥር ነው፤ ለብቻው ደግሞ ቁጥር አንድ ሰማያዊ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አራት ቀይ የሚል ገበታ አለ። ፓሌት ይሉታል። «ፓሌት አራት ኮማ አንድ» ብለህ ስትጽፍ አራት ቁጥርን የያዘች ነጥብ ሁሉ፣ አሥር ሺህ ብትሆን፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ በቅጽበት ትገለበጣለች። ሥዕሉን ማንም አልነካውም፤ የተቀየረው ገበታው ብቻ ነው። አስተማሪያችን ይህን ሲያሳየን ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ። ሰው አገር አቋርጦ ያመጣው ጥበብ ያንተ ሳንቃ ነበር፤ አንተ ደግሞ ሳንቃህን ይዘህ ሞተሃል።

የእናቴ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ያ ትምህርት ትዝ አለኝ። ገብሬ ሥዕሉን አላበላሸውም። የሳተው ገበታውን ነው። አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ፩ ነው፤ ነጩ ሁሉ ፪ ነው። ቁጥርህ ከቀለሙ ሥር እንዳለ ነው፤ ትክክለኛውን ተራ ያገኘ ሰው ግድግዳውን ያድነዋል። ኖራው ከመምጣቱ በፊት ማግኘት ነበረብኝ።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት የለመንኩትን ልመና አልነግርህም። መጣሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳው ፊት ቆሜ፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ቁራጭ በቁራጭ ገለበጥኩት። ሴቶቹ የሰዓሊው የአለቃ ልጅ አእምሮዋ ተነካ አሉ። ወደ ሥራ ስመለስ፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ እየጠበቅሁ፣ ነጥብ በነጥብ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ቀን ጓድ ኃላፊያችን ከውይይት ክበብ መልስ ሳይታሰቡ ከች አሉ። እመቤታችን በመንግሥት መስኮት ላይ አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች። አንድ ቁልፍ ነካሁ፤ ለዚሁ ያዘጋጀሁት ነበር፤ ሁሉም ቁጥር ጥቁር ሆነ። እዚያው እያለች አልታየችም። ጓድ ኃላፊው ጨለማውን አየት አድርገው ማሽኑ ተበላሸ እንዴ ብለው ሄዱ። ያን ቀን መልሼ አላወጣኋትም፤ ለዚህም የረገምኩት አንተን ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። የእመቤታችን ፊት ጠይም ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴውን ጠይም አደረግሁት፣ የሁሉም ፊት አንድ ላይ ዳነ። መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ነው፤ አክሊሉ ቢጫ ነው፤ ክንፉ ነጭ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትለው የሰማሁት ሕግ ነው። ስድስቱን አገኘኋቸው። ሰባተኛው ግን እምቢ አለ። ፯ ያለው በዚያች በትንሿ ሰው ልብስ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ የትም የለም፤ በምን ሕግ ይገኝ? ማሽኑ ያለውን አሥራ ስድስት ቀለም ሁሉ ሞከርኩ። ማንኛውም ይሆናል፤ ማንኛውም አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ያኔ አየሁ። የትንሿ ፊት ጠይም ሲሆን ዓይኖቿ ወጡ። ሁለት ዓይን። ክፉ ሰው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔ የሰዓሊ ልጅ፣ ገብሬ የሰዓሊ ደቀ መዝሙር፣ ያ ሁሉ ካህን፣ ጥቁር ልብስ ስላየን ብቻ ዓይን መቁጠር ረስተን ሁለት ዓይን ባላት ሰው ላይ ስናማትብ ከረምን። ማን እንደሆነች ግን አላወቅኩም። በእጇ የያዘችው ጠፍጣፋ ነገር መጽሐፍ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የማርያም ቤተ ክርስቲያናችን ቄሰ ገበዝ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መሥሪያ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አጎቴ ናቸው ብዬ ዘበኛውን አሳልፌ አስገባኋቸው። ወንበር ላይ አስቀምጬ መጀመሪያ አረንጓዴዋን አሳየኋቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ቁልፉን ስነካው ስድስቱም ቀለም በአንድ ጊዜ ዞረ። ቄሰ ገበዙ ተነሡ። በዘንጋቸው ተደግፈው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ ሊሳለሟት ከንፈራቸውን ቢያስጠጉ መስታወቱ ጠጥ ብሎ ነዘራቸው። አላፈገፈጉም፤ ይገባኛል አሉ። እኔ ስለ ኤሌክትሪኩ ላስረዳቸው ስል፣ ትንሿ ለምን ጥቁር ሆና ቀረች ብለው ጠየቁኝ። የሰባተኛውን ቀለም አባቴ መቃብር ይዞት ወርዷል አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«አልወሰዱትም። ሊያርፉ ሲሉ ‹ተራውን ልጄን አስካለን ጠይቋት፤ የደረደረችው እሷ ናት› ብለውኝ ነበር። የበሽታ ነገር ነው ብዬ ናቅሁት። በኋላም ይህን ለሴት ልጅ መላክ አሳፈረኝ።»

አባዬ፣ ቄስ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። አራት ዓመት ሙሉ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ግን እሳቸው ላይ ስጮህ ንዴቴ ወዳንተ ሲዞር ይታወቀኝ ነበር። ይህን ስትነግራቸው እኔ የት ነበርኩ? ከጓዳ። ላስታምምህ መጥቼ አጥሚት እያሞቅሁልህ። በመካከላችን አንድ የሰሌን መጋረጃ ነበር። አስካለ ብለህ ብትጣራ ማማሰያዬን እንደያዝኩ እመጣ ነበር። በሕይወትህ ለኔ እንጨት አምጪ ብቻ ትለኛለህ፤ ሥራዬን የምትመሰክረው ግን ለቄሰ ገበዙ ነው! አንድም ቀን ሳንቃውን አይተህ እንዳለ ይሁን፣ በዚሁ እንሥራ አላልከኝም። ከሰሜኑ ጀምሮ በየግድግዳው የሠራኸው በኔ አደራደር ነው፤ ያወቅሁት ግን ከሞትክ በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። ባረፍክበት ዓመት ለፋሲካ ስመጣ ከመርካቶ አንድ ጣሳ ወይን ጠጅ ቀለም ይዤልህ መጣሁ። የመጀመሪያ ደመወዜ ነው። ክዳኑን ከፈትክ፣ አሸተትከው፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ቀለም አይደለም ብለህ ዘጋኸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ አላልክም። በማግሥቱ የደቡቡን ግድግዳ ልትጀምር ደርድሪ አልከኝ። መስመር ታወጣበት ስለነበር የጥቀርሻው ጣሳ ከሳንቃው ወርዶ መሬት ላይ ነበር፤ ሰባተኛው ቦታ ባዶ ሆነ። እልህ ይዞኝ የኔን ጣሳ እዚያ አስቀመጥኩት። አንሥተህ ትጥለዋለህ ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብለህ አየኸው። እንደ ወትሮህ እንጨት አምጪ አልከኝ።

ቄሰ ገበዙ አጠገቤ ቆመው ሳለ «ፓሌት ሰባት ኮማ አምስት» ብዬ ጻፍኩ። ልብሷ ወይን ጠጅ ሆነ። አሁን የጣሳዎቹን ነገር አውቄ ሳየው፣ ያ ጠፍጣፋ ነገር መጽሐፍ እንዳልነበረ ታየኝ፤ ሳንቃ ነው፤ ሰባት ነጥብ ተደርድሮበታል። እኔው በገዛ እጄ ከግድግዳው የገለበጥኳቸው ነጥቦች ናቸው፤ ቆሻሻ መስለውኝ ነበር። ቄሰ ገበዙም በሥዕሉ ላይ አወቁኝ። አንቺ ላይ ነው እንትፍ ስንል የኖርነው አሉና ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ቄሰ ገበዙ ያን ቀን አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተቃጠልኩ። በአፍህ አይሆንም ያልከኝን ቀለም በግድግዳ ላይ እኔኑ አለበስከኝ። ለድንጋይ ነገርከው፤ ለቄስ ነገርከው። የምሰማው እኔ ነበርኩ እኮ።

ቄሰ ገበዙ አገር እንደገቡ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ኖራው ቀረ። ገብሬ እኔ በጻፍኩለት ተራ እንደገና ሞላው፤ አሁንም ያለቅሳል፤ ልማዱ ሳይሆን አይቀርም። ለመጨረሻው ቀን እኔም መጣሁ፤ ወይን ጠጁን መርካቶ ፈልጌ አጥቼው፣ ከየት እንደማገኝ እያሰብኩ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሥር እጇን ሰድዳ አንድ ጣሳ አወጣች። ክዳኑ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ተዘግቷል። አባትሽ ይህን እንዳትነኪ፣ የሰው አደራ ነው ብሎኛል አለች። የማን አደራ እንደሆነ አልጠየቀችህም፤ አንተም አልነገርካትም። ጨውና በርበሬ ያልገባበት ብቸኛ ጣሳ እሱ ነበር። እናቴ ላይም ልጮህ ነበር፤ ጉልበቷን ሳይ ተውኩት።

ትንሿ ሰው ከግድግዳው ግርጌ ስለሆነች መሰላል አላስፈለገም። ገብሬ ብሩሹን ነክሮ ለኔ ዘረጋልኝ። ሴት የመቅደስ ግድግዳ ቀብታ አታውቅም፤ ቄሰ ገበዙን ዞሬ አየኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ በዚያ በታመመ ዓይናቸው፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ተንበርክኬ ቀባሁት። ሰሙ አላስደረቀውም፤ ቀለሙ የትናንት ይመስል ነበር።

በበዓሉ ዕለት ሴቶቹ ሲያልፉ ማንም አላማተበም። አንዲት ባልቴት ይህች ደግሞ የትኛዋ ቅድስት ናት ልጄ አሉኝ። ቅድስት አይደለችም፣ ቀለም ፈጪ ናት አልኳቸው። ይሁን ብለው ሳሟት።

አባዬ፣ ይቅር አልኩህ እንዳይመስልህ። እንዳልረሳህ ግን ቃሌ ነው፤ የተቆጣ ሰው መርሳት አይችልበትም። አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ግድግዳው ፊት እቆማለሁ፤ እሷ በሁለት ዓይኗ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፣ አንተን እናማሃለን። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን በሰም ዘግቼ አዲስ አበባ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከአልጋዬ ሥር ነው። የፈለግኸው ቀን ግን በሰው አትላክብኝ፤ በአፍህ ጠይቀኝ።

ልጅህ አስካለ